ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሻሲ ቁጥሩን ጠይቁ፦ የአሮጌ መኪና ኤርባግና ሪኮል

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ምን ምን እንደሚያይ እናውቃለን። ሞተሩን ያስነሳል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ ጎማውን ይረግጣል፣ ቀለም ተነክቷል አልተነካም እያለ በሩን በጣቱ ያንኳኳል። መካኒክ ይዞ የሚመጣም አለ። ደላላው ደግሞ ከጎን ሆኖ «የሴት እጅ ነች ጋሼ፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የተነዳችው» ይላል። ስለ ኤርባጉ የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቢጠየቅም መልሱ አንድ ነው፦ «መብራቱ ይጠፋል እኮ!»

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤርባግ መብራት መጥፋቱ ጥሩ ነው። ግን የሚነግራችሁ ሽቦው መገናኘቱን ብቻ ነው። ኤርባጉ ውስጥ ያለው ተቀጣጣይ ኬሚካል ተበላሽቶ እንደሆነ መብራቱ አያውቅም፣ የኮምፒዩተር ምርመራም አያውቅም፣ ለቦሎ የሚደረገውም ምርመራ ያንን አይከፍትም። የሚያውቀው አምራቹ ነው። አምራቹን መጠየቂያው ደግሞ የሻሲ ቁጥር ነው። በቃ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ይህን ያዙ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልንገራችሁ። ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነበር። ለሆንዳ፣ ለቶዮታ፣ ለኒሳን፣ ለማዝዳ፣ ለሚትሱቢሺ፣ ለቢኤምደብሊው፣ ለፎርድና ለሌሎችም ኤርባግ ያቀርብ ነበር። ኤርባግ ደግሞ የታጠፈ ከረጢት ብቻ አይደለም። ከጀርባው ኢንፍሌተር የምትባል የብረት ጣሳ አለች። መኪናው ሲጋጭ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ጣሳዋ ውስጥ ያለው ኬሚካል ይቀጣጠላል፣ የሚወጣው ጋዝ ከረጢቱን ይነፋዋል። ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ታካታ ለዚህ ሥራ የመረጠው አሞኒየም ናይትሬትን ነው፤ ማዳበሪያም የሚሆን፣ ድንጋይም የሚፈነዳበት ርካሽ ኬሚካል። ክፋቱ እርጥበት ይስባል። ማዳበሪያ ገዝቶ ከረጢቱን ሳያስር ክረምቱን ያሳለፈ ገበሬ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት፣ እርጥበትም ሲገባው፣ መልኩ ይለወጥና ግጭት በመጣ ቀን ከታሰበው በላይ በፍጥነት ይነዳል። ግፊቱን ጣሳዋ አትችለውም። ትፈነዳለች። የብረት ፍንጣሪው ከረጢቱን ቀዶ ፊትና አንገት ላይ ያርፋል። በአሜሪካ ብቻ ቢያንስ 28 ሰዎች በዚህ ሞተዋል፣ የቆሰሉት ቢያንስ 400 ናቸው። ከእነዚህ ግጭቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ «ምን አድርገህ ነው?» እያለ የሚወርድባቸው ዓይነት ቀላል ግጭቶች ነበሩ። ሆንዳ የመጀመሪያውን ሪኮል (ጉድለት ያለበትን ዕቃ መልሶ የመጥራት ማስታወቂያ) እ.ኤ.አ. በ2008 አወጣ፤ ከዚያ በኋላ እየሰፋ ሄዶ በአሜሪካ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባግ ደረሰ። ታካታ ራሱ በ2017 እ.ኤ.አ. ከሰረ።

ሪኮል ማለት አምራቹ «ይህ ዕቃዬ ጉድለት አለበት፣ አምጡትና በነፃ ልቀይርላችሁ» ብሎ የሚያወጣው ጥሪ ነው። ጥሪው የሚደርሰው ግን መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ለተመዘገበ ባለቤት ነው። መኪናው ከዚያ ወጥቶ በዱባይ በኩል ጅቡቲ ወደብ ላይ ከወረደ በኋላ ደብዳቤውን ደብረ ብርሃን ጠባሴ ድረስ የሚያመጣ ሰው የለም። በዚያ ላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ እዚህ ያሉት መኪኖች እያረጁ ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው አይቀርም። ስለዚህ ፍለጋው የገዢው ሥራ ነው።

የቱ መኪና ነው የሚያሳስበው? በጣም የከፋው እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ አንዳንድ የሆንዳና የአኩራ ሞዴሎች ናቸው፤ የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በምርመራ ከእነዚህ ኤርባጎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት በግጭት ጊዜ ሊፈነዱ እንደሚችሉ ተናግሯል። እኛ ጋ ሆንዳ ብዙ የለም። ኮሮላ ግን አለ። ቶዮታ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የ2003 እና 2004 ኮሮላ፣ የ2003 እና 2004 ኮሮላ ማትሪክስ፣ እንዲሁም የ2004 እና 2005 ራቭ ፎር ላላቸውና ኤርባጉን ላላስቀየሩ አሜሪካውያን «መኪናውን ጭራሽ እንዳትነዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ኮሮላና ራቭ ፎር! በየመንገዳችን የምናያቸው ናቸው። ቪትዝና ያሪስም በታካታ ሪኮል ውስጥ ገብተዋል። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ኮሮላ ቦምብ ነው ማለት አይደለም። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ፣ የተሠራበት ፋብሪካና ወር በመለየቱ ብቻ አንዱ ሪኮል ሲኖርበት ሌላው ነፃ ይሆናል። ለዚህ ነው «የአጎቴም ኮሮላ 2004 ነው፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር ዋጋ የሌለው።

ታካታ ብቻም አይደለም። ቶዮታ በ2020 እ.ኤ.አ. 3.4 ሚሊዮን መኪኖችን፣ ከ2011 እስከ 2019 የተሠሩ ኮሮላዎችን ጨምሮ፣ በሌላ ምክንያት ጠርቷል፦ የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ሳጥን ግጭቱ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ሊበላሽና ኤርባጉ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። የታካታው ሲፈነዳ ይገድላል፣ የዚህኛው ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ይላል። «አዲስ ሞዴል ነው የገዛሁት» የምትሉም ቁጥራችሁን አስፈትሹ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪናውን ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት፣ በስልክ ገና ዋጋ ስታወሩ፣ ሻጩን የሻሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ከሊብሬው ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ላይም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ወይም ሳህን ላይ፣ በፊት መስታወቱ ታችኛ ጥግ፣ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ይገኛል። በአንዳንድ ቶዮታዎች ከፊት ወንበር ሥር ምንጣፉን ገልጣችሁ ታገኙታላችሁ። በየቦታው ያለው ቁጥርና ሊብሬው አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ስለ ኤርባግ መጨነቁን ተዉትና መኪናውን ራሱን ተዉት። «ቁጥሩን ምን ያደርግልሃል?» የሚል ሻጭም አለ። እሱንም ተዉት፣ ኮሮላ ሞልቷል።

ቁጥሩ በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ርዝመቱን ቁጠሩ። 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ ዓለም አቀፉ ዓይነት ነው። በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ አሜሪካ የተሠራ፣ በ2 ከጀመረ ካናዳ፣ በ«ጄ» ከጀመረ ጃፓን የተሠራ ነው። ያሪስ ከሆነና በ«ቪኤንኬ» ከጀመረ ፈረንሳይ የተሠራ የአውሮፓ መኪና ነው፤ «ኤስቢ1» እንግሊዝ፣ «ኤንኤምቲ» ቱርክ። ቁጥሩ አጭር ሆኖ መሀሉ ላይ ሰረዝ ካለው፣ ለምሳሌ «ኤንዜድኢ121» ብሎ ከጀመረ፣ ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ እዚያው የተነዳ ነው። ብዙዎቹ ቪትዞች እንዲህ ናቸው፤ ስለ እነሱ ከታች እመለስበታለሁ።

ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? ሪኮል የሚፈለገው መኪናው በተሸጠበት ገበያ ስለሆነ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ከሆነ የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አለ፤ «ኤንኤችቲኤስኤ ሪኮል» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጎግል ላይ ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጣው ነው። ቁጥሩን ታስገባላችሁ፣ ወዲያው ይነግራችኋል። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የተሳሳተ ቤት ገብታችኋል። ለአውሮፓ የተሠራ ከሆነ በዚያ አገር የቶዮታ ገጽ ላይ የሻሲ ቁጥር ማስገቢያ ታገኛላችሁ። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራ ከሆነ ሳዑዲ አረቢያና ኤምሬትስ የየራሳቸው የሪኮል ገጽ አላቸው። ለጃፓን ገበያ ከተሠራ የጃፓኑ የቶዮታ ገጽ አጭሩን ቁጥር ይቀበላል፤ ጽሑፉ ጃፓንኛ ስለሆነ በስልካችሁ መተርጎሚያ አስተርጉሙት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የዱባይ መኪና ቁጥር የአሜሪካው ገጽ ላይ አስገብቶ «አልተገኘም» ሲለው «እሰይ፣ ሪኮል የለበትም!» ብሎ ይደሰታል። አልተገኘም ማለት ገጹ መኪናውን አያውቀውም ማለት ነው። ሌላም አለ። ገጹ «ያልተጠገነ ሪኮል 0» ቢላችሁ እንኳ የሚናገረው ስለ መኪናው እንጂ አሁን መሪው ውስጥ ስላለው ዕቃ አይደለም። መኪናው አሜሪካ ውስጥ ተጋጭቶ፣ ኤርባጉ ወጥቶ፣ በጨረታ ተሸጦ፣ ከዚያ ከሌላ የተጋጨ መኪና የተፈታ ኤርባግ ተገጥሞለት ቢሆንስ? ያ የተፈታው ኤርባግ ሪኮል ያለበት ቢሆን ገጹ አያውቅም። ስለዚህ ቁጥሩ ነፃ ቢወጣም መኪናው ተጋጭቶ እንደሆነ በዓይን ማየት ግድ ነው።

በዓይን የሚታየው ይህ ነው። ቁልፉን አብሩ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ቀይዋ የኤርባግ መብራት መብራት አለባት፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ትጠፋለች። ጭራሽ ካልበራች ወይ አምፖሏ ተነቅሏል ወይ ተሸፍኗል፤ ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ከባትሪው ወይም ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል በርታ እኩል የምትጠፋ ከሆነም ተጠራጠሩ፤ ሽቦዋን ከዚያ ላይ የሚቀጥሉ አሉ፣ ሞተሩ ሲነሳ አብራ ትጠፋለች፣ ገዢም ይደሰታል። በርታ ካልጠፋች ብልሽት አለ። መብራቷ እየበራች ጥሩምባውም የማይሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ጀርባ ያለው ተጠምጣሚ ኬብል ተቆርጦ ነው። ቶዮታ በ2014 እ.ኤ.አ. ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ መኪኖችን ከጠራባቸው ጉድለቶች አንዱ ይኸው ኬብል ነበር። እሱ ይቀየራል፣ መኪና የሚያስተው ጉዳይ አይደለም። ዋጋ መቀነሻ ግን ይሆናችኋል።

ከዚያ የመሪውን ክዳን ተመልከቱ። ቀለሙና ሸካራነቱ ከቀረው ዳሽቦርድ ጋር ይመሳሰላል? የሙጫ ምልክት አለው? በተሳፋሪው በኩል ዳሽቦርዱ ላይ የተሰነጠቀ፣ የተለጠፈ፣ እንደገና የተቀባ ነገር ካለ ኤርባጉ አንድ ቀን ወጥቷል ማለት ነው። ከሥሩ ከረጢት ይኑር ስፖንጅ ማን ያውቃል። የቀበቶዎቹን ታችኛ ጫፍ ጎትታችሁ የተሰፋባቸውን ጨርቅ አንብቡ፤ የተሠሩበት ቀን አለበት፣ ከመኪናው ዓመት በጣም ከራቀ ተቀይረዋል። ቀበቶው ተስቦ የማይመለስ ከሆነም እንዲሁ፤ ኤርባግ ሲወጣ የፊት ቀበቶዎቹም በባሩድ ይሳባሉና አንዴ ከሠሩ ይደርቃሉ።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዳሽቦርዱ ተፈቷል፣ ሽቦው ተቆርጦ ተቀጥሏል፣ የሹፌሩ ኤርባግ በነበረበት ቦታ የተሳፋሪ አለ። እንዲህ ያለ መኪና ላይ የኤርባጉን ነገር ብዙም ባታምኑት ይሻላችኋል። እኔ በበኩሌ መሪው የዞረ ቪትዝ የሚገዛ ሰው ኤርባግ የሌለው መኪና እንደገዛ አስቦ ቢነዳ እመክራለሁ፤ ቀበቶ ሳያስር ከግቢው አይውጣ።

ጋራዥ ስትወስዱት የሞተር ብቻ ሳይሆን የኤርባግ ኮድ የሚያነብ ማሽን እንዳላቸው ጠይቁ። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ ርካሽ ማንበቢያዎች ብዙዎቹ ሞተሩን ብቻ ነው የሚያዩት። ማሽኑም ቢሆን በከረጢቱ ስፍራ በተገጠመ ትንሽ ሬዚስተር (ኤርባጉ ያለ የሚያስመስል የኤሌክትሪክ ዕቃ) ሊታለል ይችላል፤ ስለዚህ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን በዓይኑም ይይ። ቢጫ ሽቦና ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፤ በቴስተር የሚለካ ነገር አይደለም፣ የቴስተሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል። መሪ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፣ ከዚያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቃል። ይህን የማያደርግ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። መካኒኩ ዘመድ ቢሆንም።

የመኪናውን የኋላ ታሪክ መጠየቅም ይጠቅማል። የታካታው ጉድለት ቀድሞ የታየው ሙቀትና ወበቅ ባለባቸው ቦታዎች ነው፤ በአሜሪካ ፍሎሪዳና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያሉ ግዛቶች ዋናዎቹ ናቸው። ስለዚህ ዓመታትን ዱባይ ያሳለፈ ኮሮላ ስዊድን ከኖረው ይልቅ ያሳስበኛል። «አሁን እኮ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ነው ያለው» ቢሉኝ አልጽናናም፤ እዚያ የተበላሸ ኬሚካል በእኛ ብርድ አይድንም። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ውርጭ ተነስቶ፣ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝቶ፣ ቀትር ላይ ሸዋሮቢት ፀሐይ ላይ የሚቆም መኪናም የሙቀት ለውጡን በየጊዜው ያገኘዋል። ከተቻለ ጥላ ሥር አቁሙት።

አሁን ደግሞ መኪናው የናንተ ሆኖ፣ ቁጥሩን አስገብታችሁ ሪኮል ቢወጣበትስ? መጀመሪያ ገጹ ላይ የወጣውን ፎቶ አንሱ፣ የሪኮሉን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ አዲስ አበባ ወዳለው የአምራቹ ወኪል ሂዱ፤ ለቶዮታ ሞኤንኮ ነው። ከሊብሬው ኮፒና ከሻሲ ቁጥሩ ጋር በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ «አይመለከተንም» የተባለ ሰው በጽሑፍ ሲጠይቅ ሌላ መልስ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጎማ ስትሄዱ የምትጨርሱት ጉዳይ ነው።

እስኪቀየር ድረስ ግን የትኛው ኤርባግ እንደሆነ አንብቡ፣ የሹፌሩ ወይስ የተሳፋሪው? የተሳፋሪው ከሆነ የፊት ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥ። ልጅ፣ እናት፣ እንግዳ፣ ሁሉም ከኋላ። ቶዮታም ዕቃው ባለቀበት ጊዜ የተሳፋሪውን ኤርባግ ለጊዜው ዘግቶ «እዚህ አትቀመጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ያውቃል። የሹፌሩ ከሆነ ግን ከባድ ነው። «አትንዱ» ከሚባሉት ሞዴሎች ከሆነ መኪናውን አቁሙት፤ አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ መኪና እስክታገኙ በሚኒባስ መሄድ ይሻላል። ከእነዚያ ውስጥ ካልሆነ ደግሞ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ በደረታችሁና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ተዉ፣ ቀበቶውን እሰሩ፣ የረጅም መንገድ ጉዞ ቀንሱ።

ኤርባጉን በራሳችሁ ነቅላችሁ መጣል መፍትሔ አይደለም። ደኅናው ኤርባግ ያስፈልጋችኋል፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ ከፊት ያለው የጭነት መኪና በማይታይበት ቁልቁለት ላይ የሚነዳ ሰው ይህን አያጣውም። በርካሽ ተገዝቶ የሚገጠም ስፔር ኤርባግም የባሰ ነው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ርካሽ ምትክ ኢንፍሌተር የተገጠመላቸው መኪኖች ላይ ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል፤ እነዚያም እንደ ታካታው ፈንድተው ነው። ያገለገለ ኤርባግ ከተፈታ መኪና መግዛትም ያው ሎተሪ ነው።

መኪናችሁን የምትሸጡ ከሆነም ሪኮል እንዳለበት ለገዢው ንገሩት፣ ውሉም ላይ ይጻፍ። ዋጋ ይቀንስባችኋል፣ እውነት ነው። የገዢው ልጅ ግን ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ ይሆናል።

ዳሽቦርድ ላይ የሚነጠፈውን ፀጉራማ ምንጣፍ የምትወዱ፣ በተሳፋሪው በኩል ኤርባጉ የሚወጣበትን ክዳን አይሸፍን። ከጎን ኤርባግ ያለው ወንበር ላይም የወንበር ልብስ ስታሰፉ ስፌቱ የሚከፈትበትን ቦታ ለሰፊው አሳዩት። የሌላ መኪና አርማ ያለበት የመሪ ክዳን፣ በሙጫ የሚለጠፍ የሚያብለጨልጭ ጌጥ፣ እነዚህም ይቅሩ፤ ሲወጣ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

የተነቀለ አሮጌ ኤርባግ ካላችሁ ደግሞ ለቆራሌው አትስጡት። ብረት መስሎት በመዶሻ ይመታዋል ወይም እሳት ውስጥ ይጥለዋል፤ ሁለቱም ያፈነዱታል። ሲያዝ ክዳኑ ከሰውነት ወደ ውጭ ዞሮ ነው፣ ሲቀመጥም ክዳኑ ወደ ላይ። ወኪሉ ቀይሮላችሁ ከሆነ አሮጌው እዚያው ይቅር፤ «ዕቃዬን መልሱልኝ» አትበሉ።